ሁለት ጭረት በጋሽ ሰይድ ዓይን ላይ

ሰው በማያውቀው ነገር ሲሳሳት የሚወጣበት በር ብዙ ነው። «አላወቅሁም» ይላል፤ አለቀ። በሚያውቀው ነገር፣ ያውም ሌላውን ሲያስተምርበት በሰነበተው ነገር የተሳሳተ ሰው ግን ወዴት ይግባ? ይህን ጥያቄ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። አሰብ ደግሞ መግቢያ የምታስመርጥ ከተማ አይደለችም። በአንድ በኩል ባሕር ነው፣ በሌላው በኩል አሸዋና ጥቁር ድንጋይ። ያፈረ ሰው የሚጠለልባት ጥላ እንኳ የለችም፤ ያለችውን ጥላ የጭነት መኪኖች ቀድመው ይዘዋታል።

ስለ መነጽሬ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጣጣው የሚጀምረው ከእሱ ነው። መነጽሬ ወፍራም ነው። ወፍራም ስላችሁ ከምታስቡት ላይ ትንሽ ጨምሩበት። ድሮ ጠልቆ የተማረ ሊቅ «አራት ዓይና» ሲባል ክብር ነበር አሉ፤ እኔን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲሉኝ ግን ለክብር አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ተማርኩ። ብርሃን በመስታወት ሲያልፍ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የእኔ ዓይን የሩቁን ነገር ለምን እንደሚያደበዝዘው በቀመር ማስረዳት እችላለሁ። ማስረዳት መቻሌ ከማፈር አላዳነኝም። ዲግሪዬን ይዤ ወደ አሰብ ስመለስ ብርሃን እያጠፈ የሚከፈለው ሰው የሚፈልግ አላገኘሁም፤ ወደቡ አጠገብ ባለች አንዲት የትራንዚት ቢሮ ሰነድ ጸሐፊ ሆንኩ።

ሥራዬ መርከብ ይዞት የመጣውን ዕቃ ዝርዝር ወደ ጉምሩክ ቅጽ መገልበጥ ነው። ስኳር፣ ሃምሳ ኪሎ፣ ነጭ ጆንያ። ከሥሩ ደግሞ ስኳር፣ ሃምሳ ኪሎ፣ ነጭ ጆንያ። እንዲህ እያለ ገጹ እስኪያልቅ ይወርዳል። ይህን ሁሉ መጻፍ የሚችል እጅ ስለሌለ እኛ የሰነድ ሰዎች አንዲት መላ አለችን፤ ከላይኛው ቃል በታች ሁለት አጭር ጭረት ጫር ጫር እናደርጋለን። «ከላይ እንዳለው» ማለት ነው። ወደቡ የሚንቀሳቀሰው በክሬን ይመስላችኋል፤ በእነዚህ ሁለት ጭረቶች ነው። አንድ ዓመት ከሠራችሁ በኋላ እጃችሁ እናንተን ሳያማክር ይጭራቸዋል።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የጉምሩኩ ኪዳነ ማህተሙን ይዞ ይመጣል። ኪዳነ ረጅም ነው። ሸሚዙ በዚህ ሁሉ ወበቅ ውስጥ ሳይጨማደድ እንዴት እንደሚውል የተማርኩት ፊዚክስ ሊያስረዳኝ አልቻለም። አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መነጽሬ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ኪዳነ ለእኔ ሰማያዊ ጭጋግ ነው። መልከ መልካም ጭጋግ።

ይህን ሁሉ የምታይ አንዲት ሰው አለች፤ እትዬ ለተብርሃን፣ ደብዳቤዎቻችንን በታይፕ የምትመታልን። ዓይኗ የጭልፊት ነው። ከመስኮቷ ሳትነሳ ከወደቡ ውጪ መልሕቅ የጣለውን መርከብ ስም ታነብልናለች። የእኔን መሳቢያም ታነባለች መሰለኝ፤ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

አሁን ወደ ሳምቡሳው ልምጣ።

በወደቡ በር ላይ ከባሕር ዳሯ መንደር ከዒድ የመጣች ሐሊማ የምትባል ሴት ሳምቡሳ ትሸጣለች። አንድ ቀን የገዛሁትን ሳምቡሳ በልቼ መጠቅለያውን ልጥል ስል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አየሁ፤ የዓይን ሥዕልም አለበት። ወደ ላይ አገር የሚሄድ የመጻሕፍት ሳጥን ሲራገፍ ባሕር ገብቶ ኖሮ፣ የረጠበው የሕክምና መጽሔት ተጥሎ፣ ሐሊማ እጅ ገብቷል። ጽሑፉ ዓይንን በጨረር አስተካክሎ መነጽርን ስለሚያስጥል ሕክምና ነበር። ለእኔ ዓይነቷ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። በማግስቱ ሄጄ ቀጣዩን ገጽ በሳምቡሳ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ቅደም ተከተሉን ሐሊማ ስለማትጠብቅ ዘጠኝ ገጽ ለመሰብሰብ ሁለት ሳምንት ያህል ሳምቡሳ በላሁ።

«ሊድሩሽ ነው እንዴ፣ እንዲህ የምትወፍሪው?» አለችኝ ሐሊማ።

የመጨረሻውን ገጽ ግን አላገኘሁትም። ሌላ ሰው በልቶበታል።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የዓይናችን የፊት ሽፋን እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለና ጎበጥ ያለ ነው። ጉብታው ከልኩ ካለፈ የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። ጨረሩ በእያንዳንዱ ብልጭታ ከዚያ ሽፋን ላይ ከአንዲት ፀጉር እጅግ የቀጠነች ንጣፍ እየላጠ ጉብታውን ያስተካክለዋል። የጽሑፉ ጭንቀት ታዲያ መላጡ ላይ አልነበረም፤ በትክክል መላጡ ላይ ነበር። አንደኛ፣ ዓይን አይቆምም። ባለቤቱ ትንፋሹን ይዞ ቢተኛ እንኳ ዓይኑ ይቅበዘበዛል፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ጨረሩ ዓይኑን እግር በእግር የሚከተልበትን ዘዴ ይሻሉ። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ከረጠበ ጨረሩ ትንሽ ይልጣል፣ ከደረቀ ብዙ ይልጣል፤ የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት ሳይቀር ልዩነት ያመጣል። እዚህ ላይ በአሰብ ሐምሌ ይህን ሥራ የሚሞክር ሐኪም ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ሦስተኛው ግን አላሳቀኝም። ማሽኑ የሚልጠው የተነገረውን ቁጥር ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከሰጡት የተሳሳተውን ቁጥር እጅግ አሳምሮ ይልጠዋል ይላል። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ሥር በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ሁለት ጊዜ።

እኔ ሰው ፊት አንገቴን ቀና አድርጌ የማልናገር ልጅ፣ በዚህ ነገር ላይ አፌ ተፈታ። ለእትዬ ለተብርሃን አስረዳሁ። ለአለቃችን አስረዳሁ። ሰነድ ለሚጠብቁ ሹፌሮች በካርቶን ላይ ዓይን እየሳልኩ አስረዳሁ። ወሬው በሹፌሮች በኩል ማንዳን አልፎ፣ ባቲን ወጥቶ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርስ አልቀረም። ምክንያቱም አንድ ጠዋት የኮምቦልቻው ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐኪሟ!»

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ሐኪም አለ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ጋሽ ሰይድ የተሳቢ ሹፌር ናቸው። ቤታቸው ኮምቦልቻ ነው ይባላል እንጂ ኑሯቸው መንገዱ ላይ ነው። ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርገው ተቀመጡና ግራ ቀኝ አይተው ከሸሚዛቸው ኪስ መነጽር አወጡ፤ ሰው የተከለከለ ዕቃ እንደሚያወጣው።

«ይቺ ናት ጠላቴ። ዶቢ በረሃ ላይ ላቡ ይወርድና ያጨልማታል። እሷን ስጠርግ መሪውን በጉልበቴ ነው የምይዘው። ጓደኞቼ ምን ይሉኛል መሰለሽ? ‹ሰይድ፣ የዝናብ መጥረጊያ ስንገዛ ለመኪናው ነው ወይስ ለአንተ?›» ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። «የመኪናው ባለቤትም ሰምቷል። ከመሪ ሊያወርደኝ ነው፣ የኔ ልጅ። እኔ ከመሪ ወርጄ ምን እሆናለሁ? ሌላ የማውቀው ሥራ አለ?»

ጅዳ የምትኖር እህት አለቻቸው። እሷ ጨረሩ ያለበት የዓይን ክሊኒክ አግኝታ፣ ክሊኒኩ የጻፈውን ደብዳቤ ልካላቸዋለች። ተረጎምኩላቸው። በዓመት ልዩነት የተለኩ ሁለት የዓይን ልኬቶች ላኩልን ይላል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ይምጡ። ከተለያዩ ግን አይምጡ፤ ዓይንዎ ለምን እንደሚለዋወጥ እዚያው አገርዎ ይመርመሩ።

«ሁለቱም ወረቀት አለኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ። ያምናውንና የዘንድሮውን፣ ከአዲስ አበባ ያመጡትን፣ ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውታል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የሞነጫጨረው ወረቀት ነው። «አንብቢና ጻፊልኝ። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

አዎ፤ እኔ ነበርኩ የማውቀው።

የመጀመሪያውን ወረቀት በመነጽሬ አነበብኩ። ለቀኝም ለግራም ሦስት ተኩል። በረቂቁ ላይ በጥሩ እጅ ጻፍኩት። ሁለተኛውን ዘርግቼ ዓይኔን ልጥልበት ስል የበሩ መጋረጃ ተገለጠና ሰማያዊ ሸሚዝ ገባ። ኪዳነ በዚያ ቀን ቀድሞ መጣ። እጄ መነጽሬን መሳቢያ ውስጥ የከተተበትን ፍጥነት እኔ ራሴ አላየሁትም።

ልብ በሉልኝ፤ እኔ የቅርቡን ነገር ያለ መነጽር ማየት ያቅተኛል አልልም። ወረቀቱን አፍንጫዬ ላይ ብለጥፈው ከማንም አሳምሬ አነበው ነበር። ግን ኪዳነ ከፊቴ ተቀምጦ ወረቀት አፍንጫዬ ላይ ልለጥፍ? በወጉ፣ ክንዴን ዘርጋ አድርጌ፣ ሴት ልጅ ጋዜጣ እንደምታነብበት ርቀት ያዝኩት። ሆዱ ቆልመም ያለ ቁጥር ታየኝ። ከኋላው ነጥብ፣ ከነጥቡ ኋላ ሃምሳ። ይኸው ሦስት ተኩል። እጄም እንደ ልማዱ ወረደና ጫር ጫር አደረገ። ከላይ እንዳለው።

«አንድ ነው?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ አንገታቸውን አስግገው።

«አንድ ነው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ።

እትዬ ለተብርሃን ረቂቁን ተቀብላ ከነጭረቱ በታይፕ መታችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ይምጡ» የሚል መልስ መጣ። ጋሽ ሰይድ «ዓይኔንም አስተካክላለሁ፣ ዑምራዬንም አደርጋለሁ» እያሉ ደስ ብሏቸው መርከብ ተሳፈሩ። የልኬቱ ወረቀቶች ባሕር ላይ እንዳይረጥቡባቸው ለእኔ በአደራ ተዉአቸው።

በሳምንቱ ፋይል ሳስተካክል ወረቀቶቹን አገኘኋቸው። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኪዳነ አይመጣም፤ መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነው። ያምናው ወረቀት ሦስት ተኩል ይላል። የዘንድሮውም እንደዚያ... አይልም። አምስት ተኩል ይላል። ለቀኝም ለግራም አምስት፣ ነጥብ፣ ሃምሳ። ሐኪሙ አሳምሮ ጽፎታል፤ የሐኪም እጅ መጥፎ ነው ብዬ እንኳ እንዳልከራከር።

በዚያ ሙቀት ውስጥ በረዶ ሆንኩ። ያ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ዓረፍተ ነገር ከወረቀቱ ተነሥቶ ከፊቴ ቆመ። ጨረሩ አሁን በጋሽ ሰይድ ዓይን ላይ ሦስት ተኩል እየላጠ ይሆናል፤ እጅግ አሳምሮ።

ማድረግ ያለብኝ ግልጽ ነበር። ፋክሱ አለቃችን ክፍል ውስጥ ነው። ገብቼ «ተሳስቻለሁና ለክሊኒኩ ልጻፍ» ማለት። አለቃችን «እንዴት ተሳሳትሽ?» ይላሉ። እኔ ምን እላለሁ? እናንተ በቦታዬ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ የፊዚክስ ምሩቅ፣ የሰው ዓይን የሚያህል ነገር በእጄ ይዤ፣ ሸሚዙ ለማይጨማደድ ሰው ብዬ...? ሁለት ቀን አሰብኩ። «አሰብኩ» የሚለው ቃል ለፍርሃት የተሰጠ የጨዋ ስም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ዓይን ከእኔ እፍረት ጋር በሚዛን ተቀምጦ፣ እፍረቴ ከበደ። ይህን ስጽፍ ብዕሩ ይቆምብኛል።

በሦስተኛው ቀን በቀትር፣ ቢሮው ተዘግቶ ሰው ሁሉ በየቬንትላተሩ ሥር በሚጋደምበት ሰዓት፣ ቁልፉን ለምኜ ገብቼ በእጄ ጽፌ ላክሁት። ትክክለኛውን ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ ምክንያት ያስፈልገዋል ብዬ አንዲት መስመር ጨመርኩ። «ስህተቱ የተፈጠረው በታይፒስቷ ነው።»

አያችሁኝ? ስህተትን ለማረም ተቀምጬ ሌላ ስህተት ስጽፍ፣ ያውም በንጹሕ እንግሊዝኛ? እትዬ ለተብርሃን በዚያ ሰዓት ቤቷ ተኝታለች። ከሰዓት ስትመለስ ከቤቷ ያመጣችውን ቀዝቃዛ የሎሚ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። «ፊትሽ ቢጫ ሆኗል፣ ጓለይ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። ጠጣሁት። እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም።

ከጅዳ ቃል ሳይመጣ አንድ ወር አለፈ። በየምሽቱ ጋሽ ሰይድን ዓይናቸው ታስሮ፣ ሰው እጃቸውን ይዞ ከመርከብ ሲያወርዳቸው አያለሁ።

ሲመጡ ግን በእግራቸው፣ ማንም ሳይመራቸው፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ኪዳነ ወንበሩ ላይ ነው፤ መነጽሬ መሳቢያው ውስጥ። በድምፃቸው ነው ያወቅኋቸው። ፊታቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ፤ መነጽር አድርገዋል። እንዳደረጉ ነው የገቡት።

«ጨረሩስ?» አለች እትዬ ለተብርሃን።

«ጨረር የለም» አሉ ጋሽ ሰይድ ቁጭ እያሉ። «ሐኪሙ ደብዳቤያችንን ገለጥ አድርጎ አየና ወደ ጎን አስቀመጠው። ‹ከሩቅ በመጣ ቁጥር ዓይን አንነካም› አለ። ጠዋት ለካኝ፣ ከሰዓት ለካኝ፣ በማግሥቱ ደገመኝ። ወላሂ፣ ልብስ ሰፊ እንኳ እንዲህ አይለካም። ከዚያ መድኃኒት ጠብ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ‹ያንተ ችግር ከፊት አይደለም፣ ከኋላ ሞራ እየጀመረህ ነው፤ ቁጥርህን የሚያዛባው እሱ ነው። ፊቱን ብልጠው ምን ይጠቅምሃል?› አለኝ። ሞራው ሲደርስ አዲስ አበባም ይወጣል አለ።»

እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ቶሎ ነበር ያመሰገንኩት።

«መሪው ግን ሄደ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እኔ እዚያ ስለካና መርከብ ስጠብቅ ባለቤቱ ተሳቢዬን ለሌላ ሹፌር ሰጠው። ምን ያድርግ፣ መኪና ቆሞ አይውል። ቁጥሩን በጊዜው ቢያውቁት ‹አትምጣ› ይሉኝ ነበር። ይሁን። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ሐኪሙ ትልቅ ደብተር አለው። ጨረር የሠራላቸውን ሁሉ ከወር በኋላም ከዓመት በኋላም እየጠራ ይለካል። ‹ያሰብኩት ይህን ያህል፣ የሆነው ይህን ያህል› ብሎ ይጽፋል። ለሚቀጥለው ሰው ማሽኑን የሚያቃናው ከራሱ ስህተት ተነሥቶ ነው አለችኝ እህቴ። ሐኪሟ፣ ይህን ነግረሽን ነበር?»

አልነገርኳቸውም። ሌላ ሰው ሳምቡሳ የበላበት ገጽ ይኸው ነበር።

ቀጥለው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀትና ትንሽ ጥቅል አወጡ። «ይህ ፋክስ ከክሊኒኩ ልወጣ ስል ደረሰ። ታይፒስቷ ናት የተሳሳተችው ይላል አለችኝ እህቴ። ማን እንደመታችው አላውቅም፤ ያቺ ልጅ ተጨንቃ ይሆናል፣ ዓይኗም ደካማ ይሆናል ብዬ አዘንኩ። ይቺን አመጣሁላት፤ የመነጽር ማንጠልጠያ ናት። አንገቷ ላይ ካሰረቻት መነጽሯ አይጠፋትም።»

እትዬ ለተብርሃን ፋክሱን ተቀብላ አነበበች። የእኔን የእጅ ጽሕፈት በቀን ሃያ ጊዜ የምታነብ ሴት ናት። ጥቁሯን ክር ከጥቅሉ አውጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች፤ መሳቢያዬን ራሷ ሳበች፤ መነጽሬን አወጣች፤ ክሩን በሁለቱ ጆሮዎቹ አሰረችበትና ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። ልጅ እንደሚያለብሱ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሽ ሰይድ። ድምፄ አልወጣም ነበር።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! እትዬ ለተብርሃን አይደለችም። መነጽሬን አላደረግሁም ነበር።»

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እውነት ግራ የገባው ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ ጠየቁኝ።

«ታዲያ፣ የኔ ልጅ፣ ለምን ጠጋ አድርገሽ አላየሽውም?»

መልሱ ማህተም ይዞ ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኪዳነን ከዚህ ቅርበት ለመጀመሪያ ጊዜ በመነጽር አየሁት። ደህና ልጅ ነው። አንገትጌው ላይ ትንሽ የቀለም ነጠብጣብ አለች። የጋሽ ሰይድን መሪ ግን አያህልም። ሊያህል የሚችልም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ እትዬ ለተብርሃን ወደ ታይፗ ተመለሰች። ወረቀት አስገብታ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ኪዳነ ስንቴ ጠይቆኛል መሰለሽ» አለች። «‹ያቺ ልጅ ከበሩ ሆኜ ሰላም ስላት አትመልስልኝም፤ ኩራት ነው?› ይላል።»

ለካ ጭጋጉ በየቀኑ ሰላም ይለኝ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ» አልኳት።

«ስለ ኪዳነ ነው ወይስ ስለ ፋክሱ?» አለችና ታይፑን መምታት ጀመረች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን የሎሚ ውሃዋን ቀዳችልኝ።

እኔም ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ያልኩት ሦስት ተኩል፣ የነበረው አምስት ተኩል» ይላል። ሌሎች ገጾችም ሞልተዋል፤ እነሱን አላሳያችሁም። ሁለቱን ጭረት ትቻለሁ። መቶ ጆንያ ስኳር ቢመጣ መቶ ጊዜ ስኳር እጽፋለሁ። አለቃችን ሥራሽ ዘገየ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ሰይድ ሞራቸው እስኪደርስ መስኮታችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ የመኪኖቹን ተራ ያስጠብቃሉ። የሌሎች ሹፌሮች መኪና ሲወጣ እሳቸው ቆመው ያያሉ፤ ወይም የሚያዩ ይመስላሉ። ጠዋት ጠዋት ወደ መስኮቴ ዞረው «ሐኪሟ፣ ታይኛለሽ?» ይላሉ። ከዚያ ርቀት እጄን ባወዛውዝ እንደማያዩኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በሜዳው ያለው ሹፌር ሁሉ እየሰማ፣ ኪዳነም በዚያ እያለፈ፣ እኔ ዓይናፋሯ ቆሜ መጮህ አለብኝ።

«አይዎታለሁ፣ ጋሽ ሰይድ!»

በየቀኑ እጮሃለሁ። ገና አልለመድኩትም።